ገጽ አሥራ አራት

«"ደነገገ" ብለሽ ጻፊ፤» አሉ አቶ ሀብተጊዮርጊስ። «"የተማሪዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ በሙሉ ድምፅ ደነገገ።" ቀኑን ጥቅምት ሦስት አድርጊው።»

ማሂራ እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ ላይ አነሣች። ዕለቱ ዓርብ፣ ኅዳር አሥራ አምስት ነበር።

ከፊቷ የተዘረጋው የኮሚቴው የቃለ ጉባኤ መዝገብ ነው። ገጾቹ በሙሉ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ በያንዳንዱ ጥግ ላይም የትምህርት ቤቱ ክብ ማኅተም አርፏል። ማሂራ በጽሕፈቷ ማማር የኮሚቴው ጸሐፊ ሆና ከተመረጠች ወዲህ አሥራ ስድስት ገጽ ሞልታለች። ገጽ አሥራ አራትን ግን ሳታውቅ ዘልላው ነበርና ባዶውን ቀርቷል። ምክትል ርዕሰ መምህሩ አቶ ሀብተጊዮርጊስ አሁን የከፈቱላት እሱን ነው።

ባዶ ነው ቢባልም፣ ከግርጌው ሁለት ፊርማ ተፈርሞበታል። አንደኛው የሊቀ መንበሩ የበረከት ነው። ሁለተኛውን ለማወቅ ስም ማንበብ አላስፈለጋትም። ያንን ጅራቱ የተጠቀለለ «ሔ» ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ታውቀዋለች። ክፍል ውስጥ ከጎኗ የምትቀመጠው የጓደኛዋ የሔራን ፊርማ ነው።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ሁለቱ ፈርመዋል። ያንቺ ጽሑፍና ፊርማ ብቻ ነው የቀረው።»

«ቲቸር… ያን ቀን የተሰበሰብን አይመስለኝም።»

«አይመስልሽም?» አቶ ሀብተጊዮርጊስ መነጽራቸውን አወለቁ። አልተቆጡም። «ድካም ነው። ግድ የለም፣ መዝገቡን ቤት ውሰጂና ተረጋግተሽ ጻፊው። ሰኞ ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ በፊት ጠረጴዛዬ ላይ አገኘዋለሁ። ደግሞ አጋሮ ለሚደረገው የጥያቄና መልስ ውድድር የተወዳዳሪዎችን ስም የምልከውም ሰኞ ነው። ያንቺን ከላይ አድርጌዋለሁ።»

ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ቢሆን ኖሮ ይቀላት ነበር። እንዲህ በለሰለሰ አንደበት የተነገረ ነገር ግን ምኑን ይዘው ይመልሱታል?

የሚጻፈውን ቃል በብጣሽ ወረቀት አድርገው ሰጧት። በኮሪደሩ ስትወጣ አነበበችው። «በአንድ ወር ውስጥ ከአምስት ቀን በላይ ያረፈደ ተማሪ ለአሥረኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና እንዳይመዘገብ ደነገገ።»

ስም አልተጠራበትም። መጠራትም አያስፈልገውም። የቡና ለቀማ ከተጀመረ ወዲህ ከአምስት ቀን በላይ ያረፈደች አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ ባህሪያ። ከአጋሮ መንገድ በኩል በእግሯ የምትመጣ፣ የኋላ ወንበር ላይ የምትቀመጥ፣ ብዙ የማትናገር ልጅ። ከሦስት ሳምንት በፊት አቶ ሀብተጊዮርጊስ በሩን ዘግተው አርፋጆችን ውጭ ላይ አቁመው ስለ ትምህርት ጥቅም ሲመክሩ፣ ባህሪያ በብረቱ ዘንግ መሃል አይታቸው «ቲቸር፣ ትምህርቱ እኮ ያለው ከበሩ ወዲያ ነው፤» አለች። ግቢው በሙሉ ሳቀ። የሳቁት ሁሉ ረስተውታል። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ግን አልረሱትም።

ሔራን የውሃ ቧንቧው ጋ እየጠበቀቻት ነበር።

«ፈረምሽ?»

«አንቺ መቼ ፈረምሽ?»

«ያኔ ነዋ። አንቺ ራስሽን አሞሽ በጊዜ ስትሄጂ እኛ ቀርተን ተሰበሰብን።» ሔራን ይህን ስትል የቦርሳዋን ማንገቻ ትነካካ ነበር።

«ጥቅምት ሦስት?»

«አዎ፣ ጥቅምት ሦስት።»

«ሔሩ፣ ጥቅምት ሦስት እኮ ልደትሽ ነው። ከትምህርት ቤት ቀጥታ እናንተ ቤት ሄደን እስኪመሽ አብረን ነበርን።»

ሔራን ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

«አቦ ማሂ፣ አታካብጂው! ትናንት ቢሮ ጠራንና "ፈርሙ" አለን፣ ፈረምን። ምን እንደሚጻፍበት አልነገረንም። ከአባቴ ጋር ዞን ትምህርት መምሪያ አብረው ሠርተዋል፤ እምቢ ብል በነጋታው አባቴ ጋ ይደውላል።»

«ባህሪያ ፈተናዋን ልታጣ ነው።»

«ባህሪያ መቼ ነው ደግሞ ጓደኛሽ የሆነችው?»

እውነቷን ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ከባህሪያ ጋር የተለዋወጡት ቃል ቢቆጠር ሃያ አይሞላም። ሔራን ጠጋ ብላ እጇን ያዘቻት። የሔራን እጅ ቀዝቃዛ ነበር።

«አልተሰበሰቡም ብለሽ ከጻፍሽ፣ እኔ ውሸታም ነኝ ማለት ነው። በማኅተም። ገባሽ?»

ማሂራ ገብቷታል። ለዚህም ነው ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የሄደችው።

የአማርኛው መምህር ፈለቀ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ እዚያ ተቀምጠው ደብተር ያርማሉ። ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ ክፍል ውስጥ እንኳ ሲቆጡ ይቅርታ የሚጠይቁ ይመስላሉ።

«ቲቸር፣ "ደነገገ" ማለት ምን ማለት ነው?»

«ሕግ አወጣ፣ ሥርዓት ሠራ።» ቀና አላሉም። «ተመሳሳይ ቃል ካልሽኝ አወጀ፣ ወሰነ፣ በየነ፣ አዘዘ። ፈተና ላይ ከመጣልሽ ከነዚህ ያገኘሽውን ምረጪ።»

«ከፈተና ውጭስ?»

መምህር ፈለቀ ቀዩን እስክሪብቶ አስቀመጡ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ብዙ ጊዜ አይቀርብላቸውም።

«ከፈተና ውጭ ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። "አዘዘ" አንድ አፍ ይበቃዋል፤ የበላይ ይናገራል፣ የበታች ይፈጽማል። "ወሰነ" ግን ሐሳብ ይፈልጋል፤ ይሁን ያለና አይሁን ያለ ተከራክረው አንዱን ሲቆርጡ ነው። "በየነ" የዳኛ ነው፤ ሁለቱን ወገን ያልሰማ ሰው ምን ብሎ ይበይናል? "አወጀ" ለሕዝብ ጆሮ ነው፤ ተደብቆ አይታወጅም።»

«"ደነገገ"ስ?»

«እሱ ከሁሉም ይከብዳል። መጀመሪያ ሥልጣን ይፈልጋል፤ ማንም ተነሥቶ አይደነግግም። ከዚያም የሚደነገገው ለወደፊቱ ነው። ትናንት ያልነበረ ሕግ ዛሬ ጽፈሽ "ትናንት ጥሰሽዋል" ብትይኝ…»

አልጨረሱትም። ዓይናቸው በብብቷ በያዘችው መዝገብ ላይ አረፈ። ማሂራ ብጣሿን ወረቀት ዘረጋችላቸው። አነበቡ፤ እንደገና አነበቡ፤ በሩ መዘጋቱንም አዩ።

«ልጄ፣ እኔ የቃሉን ትርጉም ነው የማውቀው፤» አሉና ወረቀቱን መለሱላት። ቀዩን እስክሪብቶ አንሥተው ወደ ደብተሮቹ አጎነበሱ። ከዚያ በኋላ ግን አንድም መስመር ሲያርሙ አላየችም።

የማሂራ አባት አብዱልሰመድ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ውስጥ ልብስ ሰፊ ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት ቁልፍ እየተከለችላቸው የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። የስፌት መኪናቸውን ሳያቆሙ አዳመጧት።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣» አሉ በመጨረሻ፣ «ይሄ ዓመት ያንቺ ዓመት ነው። ተፈተኚ፣ እለፊ። ከትልቅ ሰው ጋር አትላተሚ። ጸሐፊ ያሉትን ይጽፋል፤ ኃጢአቱ በተናጋሪው ነው።»

«እሺ አባ።»

የስፌት መኪናው እየተንኳኳ ቀጠለ። አንድ እጅጌ ጨርሰው ሁለተኛውን ጀመሩ። ከዚያ ፔዳሉ ቆመ።

«ልጅቷ የማን ልጅ ናት?»

«የጀማለዲን። በአጋሮ መንገድ ያሉት።»

«ከቡና ዛፍ ላይ ወድቆ እግሩ የተሰበረው ጀማለዲን?» አባቷ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። «ሱብሃነላህ። ቤቱ ከቡና መፈልፈያው አለፍ ብሎ በስተቀኝ ነው። ግራር ሥር። ነገ ሥራ የለሽም።»

ፔዳሉን እንደገና ረገጡ።

እሑድ ጠዋት ባህሪያን ያገኘቻት ከግራሩ ሥር ሳይሆን በቡና ማስጫ አልጋዎች መሃል ነው። ሽቦና ሰሌን በተነጠፈበት አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና በሁለት እጇ እያገላበጠች፣ የተሰነጠቀውን ፍሬ እየለቀመች ትጥላለች። ማሂራን ስታይ እጇ አልቆመም።

«ጠፋሽ እንዴ?»

«አንቺን ፈልጌ ነው።»

ማሂራ ነገሩን ስትነግራት ባህሪያ መጀመሪያ የምትሰማ አትመስልም ነበር። ፈተና የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

«አንቺም ፈረምሽ?»

«ገና ነኝ።»

«ገና ነኝ፤» አለች ባህሪያ ቃሉን ቀምሳ እንደምትተፋ። «ከንጋት ጀምሬ ከወንድሞቼ ጋር ስለቅም አድርና… አድር ይባላል እንዴ? አረፍድ ነው የሚባለው መሰለኝ። ለቅሜ፣ ተሸክሜ፣ መፈልፈያ አድርሼ፣ ከዚያ እየሮጥኩ ነው የምመጣው። ማንንም ይቅርታ አልጠየቅኩም። ዘጠኝ ቀን አርፍጃለሁ፤ ዘጠኝ ቀን ግቢ ጠርጌያለሁ። ቅጣቱ ያ ነበር፤ ቀጡኝ፣ ተቀጣሁ።»

«ለምክትሉ ሄጄ ስለ አባትሽ እግር ልንገረው?»

«ወላሂ እንዳትሞክሪው!» ባህሪያ ቀና አለች። ዓይኗ ውስጥ እንባ ሳይሆን ቁጣ ነበር። «አትለምኚልኝ። በአባቴ እግር ለኔ ፈተና አይለመንም። ሕግ ማውጣት ከፈለጉ ያውጡ፤ ከነገ ጀምሮ ይሁን። ለቀማው በዚህ ሳምንት ያልቃል፤ ከነገ ጀምሮ አንድ ቀን ባረፍድ ራሴ ስሜን ሰርዙ እላለሁ። ያለፈውን ግን እንዴት አድርጌ ልመልሰው? ሮጬ አልደርስበትም።»

ከዚያ ወደ ቡናዋ ተመለሰች። ማሂራ ጥቂት ቆማ፣ ከአልጋው ማዶ ሆና የተሰነጠቀ ፍሬ መልቀም ጀመረች። ባህሪያ አየቻት እንጂ አልከለከለቻትም። ሲለያዩም «ቻው» ብቻ ነበር የተባባሉት።

ማሂራ ያን ዕለት አሥር ሰዓት ላይ መዝገቡን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አልከበዳትም። ሁለተኛው ጋ ስትደርስ ነው እስክሪብቶዋን ያስቀመጠችው። የሔራን «ሔ» ከግርጌው ሆና ታያታለች። ልትዘለው ትችላለች፤ ስለ ፊርማዎቹ ምንም ሳትል የራሷን ብቻ ጽፋ ማለፍ። ግን ያኔ ፊርማዎቹ ከላያቸው ላለው ነገር ሁሉ የተፈረሙ ይመስላሉ። ሻይዋ ቀዘቀዘ። እናቷ ሁለት ጊዜ ጠርታት «መጣሁ» አለች፤ አልሄደችም። በመጨረሻ ጻፈችው።

ሰኞ ጠዋት አቶ ሀብተጊዮርጊስ መዝገቡን ተቀብለው፣ ፈገግ እንዳሉ ገጽ አሥራ አራትን ገለጡ።

«ጥቅምት 3 ቀን ኮሚቴው አልተሰበሰበም። ከዚህ በታች ያሉት ሁለት ፊርማዎች የተፈረሙት ኅዳር 14 ቀን፣ ገጹ ባዶ ሳለ ነው። ከአምስት ቀን በላይ ያረፈደ ተማሪ ለአገር አቀፍ ፈተና እንዳይመዘገብ ምክትል ርዕሰ መምህሩ አዘዙ። ኅዳር 18 ቀን የተጻፈ። ጸሐፊ፣ ማሂራ አብዱልሰመድ።» ከሥሩ አንድ መስመር ተሰምሮ «የአዛዡ ፊርማ» ይላል። መስመሩ ባዶ ነው።

ፈገግታቸው ከፊታቸው ላይ ቀስ ብሎ ወረደ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የሆነው ነው ቲቸር።» የቀሚሷን ጠርዝ ጨብጣለች።

«"ደነገገ" ነው ያልኩሽ!»

«ኮሚቴው ምንም አልደነገገም። አልተሰበሰብንም። ትዕዛዙ የእርስዎ ስለሆነ… "አዘዙ" አልኩ።»

አቶ ሀብተጊዮርጊስ ገጹን ከላይ ጨበጡት። ማሂራ የወረቀቱን መቀደድ ድምፅ ጠበቀች። አልመጣም። አውራ ጣታቸው ማኅተሙ ላይ፣ ዓይናቸው አሥራ አራት የሚለው ቁጥር ላይ ነበር። የተቀደደ ገጽ እንደሚጠየቅበት ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ ቁጥሩን የሰጡትም ራሳቸው።

በዚህ መሃል በሩ ተንኳኳና መምህር ፈለቀ የፊርማ መቆጣጠሪያውን ሊፈርሙ ገቡ። ሁለቱን አይተው ወደ ኋላ ሊመለሱ አሉ።

«ና ግባ፣ ፈለቀ! ይህችን ልጅ ቃል የምታስመርጣት አንተ ነህ?» መዝገቡን ወደ እሳቸው አዞሩት። «እስኪ አንብበው።»

መምህር ፈለቀ አነበቡ። ማሂራ ወለሉን አየች፤ ከሳቸው የምትጠብቀው ነገር አልነበረም።

«እ…» አሉ መምህር ፈለቀ። «በሰዋስው በኩል ስሕተት የለበትም።» ከዚያም፣ ራሳቸውንም ያስገረማቸው ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «በሌላም በኩል፤» ሲሉ ጨመሩ።

አቶ ሀብተጊዮርጊስ እስክሪብቶ አነሡ፤ ጫፉን ባዶው መስመር ላይ አሳረፉት። ማሂራ ይፈርማሉ ብላ ነበር። እስክሪብቶው ግን ትንሽ ሰማያዊ ነጥብ ትቶ ተነሣ።

«ከዛሬ ጀምሮ ጸሐፊ አይደለሽም።»

«እሺ ቲቸር።»

«አጋሮም ሌላ ተማሪ ይሄዳል።»

ለዚያ ውድድር ሁለት ወር ሙሉ አጥንታለች። «እሺ ቲቸር፤» አለች እንደገና፣ ወጣችም።

በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓቱ ላይ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ደረጃው ላይ ወጡ። በረከት ጫማውን ያያል። ሔራን ማሂራን ያላየች ለመምሰል አንገቷን አዙራለች። ምክትሉ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ ስለ ግቢ ጽዳት ተናገሩና ወረዱ።

ረቡዕ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በታይፕ የተጻፈ ወረቀት ተለጠፈ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአምስት ቀን በላይ የሚያረፍድ ተማሪ ወላጁን ይዞ እንደሚቀርብ ይላል። የተፈረመበት በአቶ ሀብተጊዮርጊስ ብቻ ነው። ከጎኑ የፈተና ተመዝጋቢዎች ዝርዝር አለ፤ ባህሪያ ጀማለዲን ሰባተኛ ላይ። ባህሪያ ራሷ በዚያ ጠዋት ደወሉ ከመደወሉ በፊት ክፍል ደርሳለች፤ ግንባሯ ላይ ላብ አለ። በማሂራ ወንበር በኩል ስታልፍ ቆም አለች።

«አልለመንሽልኝም አይደል?»

«አልለመንኩም።»

ራሷን ነቅንቃ ወደ ኋላ ወንበሯ ሄደች።

ከማሂራ ጎን ያለው ቦታ ግን ከሰኞ ጀምሮ ባዶ ነው። ሔራን ወንበር ቀይራለች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ በአንድ መንገድ፣ ሃያ እርምጃ ተራርቀው ወደ ቤት ይሄዱ ነበር። ሔራን ከፊት፣ ማሂራ ከኋላ። ሰማዩ በድንገት ጠቆረና ወፍራም ጠብታ መውረድ ጀመረ። በኅዳር ያልተጠበቀ ዝናብ ነው። በየደጁ ያለ ሰው እየተሯሯጠ የተሰጣ ቡናውን መሸፈን ጀመረ።

«ኮታ! ኮታ! ኑ! ማሎ ልጆች፣ እባካችሁ ያዙልኝ!»

አንዲት እናት ከቤታቸው ደጅ ሰፊ ላስቲክ ይዘው ከነፋሱ ጋር ይታገላሉ። ሔራን በአንድ በኩል ሮጠች፤ ማሂራ በሌላው። ላስቲኩን ግራና ቀኝ ይዘው ሲወጥሩት ፊት ለፊት ተያዩ። ሴትዮዋ ድንጋይ ሊያመጡ ወደ ጓሮ ሄዱ።

«ምክትሉ መዝገቡን አሳየኝ። "ገጹ ባዶ ሳለ" ብለሽ የጻፍሽው፣» አለች ሔራን ከዝናቡ በላይ፣ «እኔን ልታጋልጪኝ ነው ወይስ ልታድኚኝ?»

«ለሁለቱም አይደለም። ስለሆነ ነው።»

ሔራን ፊቷን በትከሻዋ ጠረገች። ዝናብ ይሁን እንባ አይለይም።

«ለአባቴ ገና አልነገርኩትም። ዛሬ ወይ ነገ ምክትሉ ይነግረዋል። ከሱ አፍ ከሚሰማው…» ላስቲኩን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። «ብቻዬን ግን አልችልም፣ ማሂ።»

ማሂራ አሁንም ተናዳባታለች፤ በልደቷ ቀን ስም የዋሸቻት እስካሁን ያንገበግባታል። ሴትዮዋ ይዘው የመጡትን ድንጋይ ተቀብላ በያዘችው ጥግ ላይ አስቀመጠች፤ ሌላውንም ተቀብላ ዞራ ሄደችና በሔራን ጥግ ላይ አስቀመጠች። ቀሚሷ ላይ እጇን አደረቀች። የማሂራ ቤት በስተግራ ነው። የሔራን ቤት ወደ ላይ።

«ነይ እንሂድ፤» አለች፣ ወደ ላይ መውጣት ጀምራ።